ስለ ወፍራም ብረት ብየዳና በያጁ ስለሚፈተነው ፈተና

በከተማችን ውስጥ ብየዳ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። በየሰፈሩ በመንገድ ዳር በር፣ መስኮትና አጥር የሚሠሩ ቤቶች አሉ፤ ሰማያዊው ብልጭታ ከሩቅ ይታያል፤ እናቶችም ልጆቻቸውን «አትየው፣ ዐይንህን ያምሃል» እያሉ እጃቸውን ይዘው ያሳልፏቸዋል። ነገር ግን እኔ በዚህች ጽሑፍ ላስረዳ የፈለግሁት ስለዚህ ዓይነቱ ብየዳ አይደለም። የመስኮት ፍርግርግ ብየዳው ቢለቅ ቢበዛ ሌባ ይገባል። እኔ የምናገረው የድልድይ ተሸካሚ፣ የነዳጅ ታንከር፣ የክሬን ክንድ፣ ወይም ውኃ ወደ ተርባይን የሚያወርድ ታላቅ ቱቦ ስለሚሠራው ሰው ነው። ይህ ሰው የሚያጋጥመው ብረት ውፍረቱ 20፣ 30፣ አንዳንድ ጊዜም ከ40 ሚሊሜትር የሚበልጥ ነው። እዚያ ብየዳው ከለቀቀ የሚመጣው ጉዳት ከሌባ የከፋ ነው።

የእናቴ ታናሽ ወንድም በቃሊቲ በኩል ባለ አንድ የከባድ ብረት መሥሪያ ውስጥ በያጅ ናቸው። ባለፈው ክረምት ካቦው ስለ ፈቀዱልኝ ሦስት ሳምንት ያህል ዕቃ እያቀበልሁ፣ ወለል እየጠረግሁና ሥራውን እያየሁ ሰነበትሁ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ያየሁትን ለመረዳት መጻሕፍት አገላብጫለሁ። አንባቢዎቼ የብረት ሥራ ተማሪዎች ስላልሆኑ በተቻለኝ መጠን በቀላል ቋንቋ ለመጻፍ እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ብየዳ ማጣበቅ አይደለም። ሙጫ ሁለት እንጨቶችን ሲያጣብቅ እንጨቶቹ እንደ ነበሩ ይቀራሉ። በብየዳ ግን የሁለቱም ብረቶች ጠርዝ ይቀልጣል፤ በያጁ ከሚጨምረው ሦስተኛ ብረት ጋር ተዋሕዶ አንድ ኩሬ ይሆናል፤ ኩሬው ሲረጋ ሁለት የነበረው አንድ ይሆናል። ብረት የሚቀልጠው ወደ 1500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን፣ በኤሌክትሮዱ ጫፍና በብረቱ መካከል የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ አርክ ግን ከ5000 ዲግሪ በላይ ይግላል። የፊዚክስ መምህራችን ስለ ትራንስፎርመር ያስተማሩን ነገር እዚህ ላይ ይሠራል፤ የብየዳው መኪና የሚመጣለትን ኤሌክትሪክ ተቀብሎ ቮልቱን ወደ 20 ወይም 30 ዝቅ ያደርግና ፍሰቱን ወደ 100፣ 150 ወይም 200 አምፔር ከፍ ያደርገዋል። ሰውን የሚያስፈራው ቮልት ነው፤ ብረትን የሚያቀልጠው ግን አምፔር ነው።

አርክን ለብየዳ መጠቀም የተጀመረው በሩሲያ ግዛት ነው፤ ቤናርዶስ እ.ኤ.አ. በ1881 በከሰል ዘንግ፣ ስላቭያኖቭ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1888 ራሱ በሚቀልጥ የብረት ዘንግ በየዱ። ሆኖም የቀለጠ ብረት ከአየር ጋር ከተገናኘ ኦክስጅንና ናይትሮጅን ገብተውበት ይበላሻል። ኦስካር ሼልበሪ የተባለ ስዊድናዊ የብረቱን ዘንግ በማዕድን ልባስ ከሸፈነው በኋላ ነው ነገሩ መልክ የያዘ። ልባሱ ሲቃጠል ኩሬውን ከአየር የሚጋርድ ጋዝ ይወጣል፤ የቀረው ደግሞ በላዩ ላይ ቅርፊት ሆኖ ይረጋል። ይህን ቅርፊት በያጆች ስላግ ይሉታል፤ በመዶሻ እየቀጠቀጡ የሚያነሡት እርሱን ነው። ዛሬ በጋዝና በሽቦ ጥቅልል የሚሠራም፣ በዱቄት ሥር ተሸፍኖ በመኪና የሚሄድም ብየዳ አለ፤ እኔ ያየሁት በአብዛኛው በኤሌክትሮድ የሚሠራውን ስለሆነ ስለ እርሱ እጽፋለሁ።

ቀጭኑን ብረት የበየደ ሰው ወፍራሙንም መበየድ ይችላል ተብሎ ይታሰብ ይሆናል። እኔም አጎቴን የጠየቅኋቸው የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸው ነበር። «ወፍራም ብረት ሙቀት ይሰርቃል» አሉኝ። የማለታቸው ትርጉም እንዲህ ነው። ባላገር ቀጥቃጭ ቢላዋ አግሎ ውኃ ውስጥ ሲነክረው ይጠነክራል፤ በድንገት ስለ ቀዘቀዘ ነው። ከልክ ካለፈ ግን እንደ ሸክላ ይሰበራል። ወፍራም ላሜራም ለብየዳው ልክ እንደዚያ ውኃ ነው። ዙሪያው ቀዝቃዛ ብረት ስለሆነ የቀለጠውን መስመር ሙቀት በቅጽበት ይመጠዋል፤ መስመሩና አጠገቡ ያለው ብረት ይጠነክራል፤ ይሰባበራልም። ስለዚህ ወፍራሙ ብረት ከመበየዱ በፊት በጋዝ ነበልባል ይሞቃል፤ እንደ ብረቱ ዓይነትና ውፍረት 100 ዲግሪም ሆነ ከዚያ በላይ። ሙቀቱ መድረሱን የሚያውቁት በተወሰነ ዲግሪ ላይ በሚቀልጥ ጠመኔ ነው፤ ብረቱን በጠመኔው ይጭሩታል፣ ጠመኔው ከቀለጠ ይጀምራሉ፣ ካልቀለጠ ይጠብቃሉ። የመጠበቁ ነገር በጣም አስደንቆኛል። በያጅ ሁልጊዜ ሲበይድ የሚውል ይመስለኝ ነበር፤ አጎቴ ግን ከሚበይዱበት ሰዓት ይልቅ የሚያሞቁበት፣ የሚፍቁበት፣ የሚለኩበትና የሚጠብቁበት ሰዓት ይበልጥ ነበር።

ሁለተኛው ጠላት እርጥበት ነው። በከባድ ሥራ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙበት ኤሌክትሮድ ኢ 7018 ይባላል። ቁጥሩ ትርጉም አለው፤ 70 ማለት የሚረጋው ብረት በእያንዳንዱ ካሬ ኢንች ቢያንስ 70000 ፓውንድ የመጎተት ኀይል ይችላል ማለት ነው፤ ቀጥሎ ያለው 1 በማናቸውም አቅጣጫ መበየድ እንደሚቻል ያመለክታል፤ መጨረሻው 8 የልባሱን ዓይነት ይናገራል፤ ይኸውም ሃይድሮጅን የማያበዛ ልባስ ነው። ልባሱ ግን ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ውኃው በአርኩ ሙቀት ሲፈርስ ሃይድሮጅን ወደ ቀለጠው ብረት ይገባል፤ ብረቱ ሲቀዘቅዝ መውጫ አጥቶ በውስጡ ይጨናነቃል፤ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላም ብረቱ ይሰነጠቃል። እንግዲህ አስቡት፤ በያጁ ሥራውን ጨርሶ፣ ካቦው አይቶ አመስግኖ፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ ሌሊት ማንም ሳይነካው ይሰነጠቃል! ስለዚህ የአንዳንድ ጠንካራ ብረቶች ብየዳ የሚመረመረው 48 ሰዓት ከቆየ በኋላ ነው።

ይህን ለመከላከል ኤሌክትሮዱ ከ120 ዲግሪ በላይ በሚሞቅ ምድጃ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከምድጃ ከወጣም በኋላ በደንብ የተወሰነለት ሰዓት አለው፤ በአሜሪካ የብየዳ ማኅበር ደንብ ለዚህ ዓይነቱ ኤሌክትሮድ አራት ሰዓት ነው። አንድ ቀን አንድ ተለማማጅ ከምሳ በፊት ጠረጴዛ ላይ ትቶት የሄደውን እፍኝ የሚሞላ ኤሌክትሮድ አጎቴ ለብቻው ለይተው አስቀመጡት።

«ጋሼ፣ ደረቅ አይደለም እንዴ?» አልኋቸው።

«ደረቅ መስሎህ ነው፤ ከአየሩ ጠጥቷል። ክረምት እኮ ነው፣ ልጄ» አሉና ለተለማማጁ የቆርቆሮ መለማመጃ እንዲሆነው ሰጡት። ዋጋው ትንሽ አልነበረም፤ ካቦውም ፊታቸውን አጨፈገጉ፤ ነገር ግን አልተከራከሩም።

ከዚህ ቀጥሎ የብየዳው መስመር ራሱ አለ። ሁለት ባለ 30 ሚሊሜትር ላሜራዎች ጎን ለጎን ተደርገው ከላይ ብቻ ቢበየዱ የተያያዙት በቆዳቸው ነው። ስለዚህ ጠርዞቻቸው አስቀድሞ በሰያፍ ይቆረጣሉ፤ ሲገጣጠሙ መካከላቸው እንደ ሸለቆ ይሆናል፤ ከሥሩም ጥቂት ሚሊሜትር ክፍተት ይተዋል። ሸለቆው ከሥር ጀምሮ በረድፍ በረድፍ ይሞላል። በአንዱ መጋጠሚያ ላይ ቁጭ ብዬ ስቆጥር 18 ረድፍ ሆነ። እያንዳንዱ ረድፍ ካለቀ በኋላ ስላጉ ተቀጥቅጦ ይነሣል፣ በሽቦ ብሩሽ ይጠረጋል፣ አስፈላጊ ከሆነም በግራይንደር ይፋቃል። አንዲት የስላግ ቁራጭ ብትቀር በሚቀጥለው ረድፍ ተሸፍና ለዘለዓለም ውስጥ ትቀራለች። ከሁሉ ረድፍ ከባዱ የሥሩ ነው፤ ብዙ ከቀለጠ ቀዳዳ ይሆናል፣ ጥቂት ከቀለጠ የሁለቱ ብረቶች አፍንጫ ሳይዋሐድ ይቀራል፤ ከላይ የመጨረሻው ረድፍ ከተደረበ በኋላ ግን ሥሩን ማንም አያየውም።

ብረት ሲረጋ እንደሚኮማተርም መርሳት አይገባም። በአንድ ወገን ብቻ እየተበየደ ከሄደ ላሜራው እንደ ደረቀ ቆዳ ይጠመዘዛል። ስለዚህ አንዴ በዚህ ጎን አንዴ በዚያ፣ አንዴ ከመካከል አንዴ ከዳር እየተባለ በቅደም ተከተል ይሠራል። አጎቴ ቅደም ተከተሉን በጠመኔ በላሜራው ላይ ቁጥር ይጽፉ ነበር፤ እኔ መጀመሪያ ሒሳብ የሚሠሩ መስሎኝ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከዚህ በላይ የዘረዘርሁት ስሕተት ሁሉ ከላይ አይታይም። የተሰነጠቀ ኤሌክትሪክ ምሰሶ ወይም የተጣመመ ግድግዳ ዐይን ያየዋል፤ ያልተዋሐደ የብየዳ ሥር ግን ባማረ መስመር ሥር ተሸፍኖ ይኖራል። ታዲያ ገዢው ምን ያድርግ? ብየዳውን ቆርጦ እንዳያይ፣ ከቆረጠው ድልድዩ ድልድይ አይሆንም። በራጅ ማየት ይቻላል፤ እንደ ሐኪም ቤቱ ኤክስሬይ፣ ወይም ኢሪዲየም 192 በሚባል ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር። በአልትራሳውንድም ድምፅ ልኮ ገደል ማሚቶውን ማዳመጥ ይቻላል። ነገር ግን እነዚህም ሁሉንም ዓይነት ስንጥቅ አያሳዩም፤ ዋጋቸውም ከፍ ያለ ስለሆነ በብዙ ሥራ ላይ የሚመረመረው ከፊሉ መስመር ብቻ ነው። እንግዲህ የቀረው አንድ መንገድ ነው፤ ብየዳውን ቆርጦ መፈተን ካልተቻለ በያጁን አስቀድሞ መፈተን። «ብቁ በያጅ» የሚባለው ቃል ትርጉሙ ይኸው ነው። የዕድሜ ማዕረግ ወይም የምስጋና ስም አይደለም፤ ይህ ሰው በዚህ ዘዴ፣ በዚህ ውፍረት፣ በዚህ አቅጣጫ የበየደው ተቆርጦ ታይቷል ማለት ነው።

ፈተናው በዓለም ላይ በታወቁ ደንቦች ይመራል፤ የአሜሪካው ዲ 1.1 እና ዓለም አቀፉ አይሶ 9606 ይገኙባቸዋል። አቅጣጫዎቹ በቁጥር ይጠራሉ። 1 ብረቱ ተኝቶ ከላይ ሲበየድ ነው፤ 2 መስመሩ በግድግዳ ላይ አግድም ሲሄድ፤ 3 ከታች ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ሲወጣ፤ 4 ደግሞ በያጁ ከሥር ሆኖ ወደ ላይ አንጋጦ ሲበይድ። የቀለጠው ኩሬ በክብደቱ ወደ ታች ሊወርድ ይፈልጋልና አራተኛው ምን ያህል እንደሚያስቸግር ገምቱ። ለቱቦ ደግሞ 6 የሚባል አለ፤ ቱቦው በ45 ዲግሪ ዘንበል ብሎ ይታሰርና በያጁ ዙሪያውን ይዞራል፤ በአንድ መስመር ላይ ሁሉም አቅጣጫ ይመጣበታል። በ1 ብቻ ያለፈ ሰው በ4 እንዲበይድ አይፈቀድለትም። በአሜሪካው ደንብ በ25 ሚሊሜትር ላሜራ የተፈተነ ውፍረት አይወሰንበትም፤ በቀጭን የተፈተነ ግን ይወሰንበታል። ደግሞም በዚያ ዘዴ ሳይበይድ ከስድስት ወር በላይ የቆየ በያጅ ፈቃዱ ያልፍበታል። እኛ በስምንተኛ ክፍል ያለፍነውን ፈተና ዳግመኛ አንፈተንም፤ እነርሱ ግን እጃቸው በየጊዜው መመስከር አለበት።

እኔ በነበርሁበት ጊዜ አዲስ ሥራ ስለ መጣ ሰባት በያጆች ተፈተኑ። ከእነርሱ መካከል አጎቴና ሌላ አንድ ሽማግሌ ነበሩበት፤ የሽማግሌውን ስም አልጽፍም። ተቆጣጣሪው ከውጭ የመጡ ጸጥ ያሉ ሰው ናቸው፤ ማንንም ሳያናግሩ እየዞሩ አምፔሩን ይመዘግባሉ። እያንዳንዱ ሰው ሁለት ሁለት ላሜራ እየተሰጠው አንጋጦ በየደ። ፍንጣሪው በአንገታቸውና በእጅጌያቸው ይገባል፤ እጃቸውን ግን ማናወጥ አይችሉም። ብየዳው ሲያልቅ መጀመሪያ በዐይን ታየ። ከሁሉ ይልቅ ያማረው የሽማግሌው ነበር፤ ልክ እንደ ተደረደረ ሳንቲም እኩል እኩል የሆነ ሞገድ ነበረው፤ ተለማማጆቹም እየመጡ ያደንቁ ነበር።

ከዚያ በኋላ ላሜራው በመጋዝ እንደ ዱላ በቀጫጭኑ ተቆረጠ፤ ላዩ ተፍቆ ለሰለሰ፤ በሃይድሮሊክ መጫኛ ላይ ተደርጎ ብየዳው መካከል ላይ ሆኖ ሁለቱ ጫፎች እስኪተያዩ ድረስ ተጎበጠ። ይህ ጭካኔ ይመስላል፤ ግን ዓላማው ግልጽ ነው። ጤነኛ ብየዳ እንደ ብረቱ እንደ ራሱ ይጎብጣል። ስንጥቅ ወይም ስላግ ያለበት ግን በሚለጠጠው ወገን አፉን ይከፍታል። የተከፈተው ከ3 ሚሊሜትር ከበለጠ ሰውዬው ወድቋል። የአጎቴ አንዱ ቁራጭ ላይ ትንሽ ነጥብ ታየችና ተቆጣጣሪው በአጉሊ መነጽር ለኳት፤ 1 ሚሊሜትር ሆነች፤ አለፉ። በዚያች ደቂቃ የአጎቴ ግንባር ከብየዳው ጊዜ ይልቅ አልቦት ነበር። የሽማግሌው ቁራጭ ግን ሲጎብጥ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማን፤ በሥሩ በኩል ጣት የሚያስገባ አፍ ከፈተ፤ በውስጡም ጥቁር ስላግ ይታይ ነበር። ማንም አልተናገረም። ሽማግሌው ቁራጩን በእጃቸው ይዘው ብዙ ጊዜ ተመለከቱት፤ ተለማምደው እንደገና እስኪፈተኑ ድረስ ከዚያ ሥራ ወጡ። ደመወዛቸው የሚታሰበው በሥራው ስለሆነ ነገሩ ቀላል አልነበረም። እኔ አዘንሁላቸው፤ ነገር ግን ያ ብየዳ በክሬን ክንድ ላይ ቢሆን ኖሮ ከሥሩ የሚቆመው ማን ነበር ብዬ ሳስብ የተቆጣጣሪውን ጸጥታ ልጠላው አልቻልሁም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የመጣው በከንቱ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ መርከቦችን በፍጥነት ለመሥራት ስትል የቀድሞውን በችንካር የመገጣጠም ዘዴ በብየዳ ለወጠች፤ ሊበርቲ የሚባሉት መርከቦች ብቻ 2710 ተሠሩ። እ.ኤ.አ. ጥር 16 ቀን 1943 በፖርትላንድ ወደብ ስኬነክታዲ የምትባል አዲስ የነዳጅ መርከብ ማዕበል በሌለበት ቀዝቃዛ ሌሊት እንደ ቆመች ከመካከሏ ተሰበረች። በመጀመሪያ የተወቀሰው ብየዳው ነበር። በኋላ ግን የካምብሪጅ ሊቅ የነበሩት ኮንስታንስ ቲፐርና ሌሎችም በመርከቦቹ ላይ የደረሰውን ሲያጠኑ የዚያ ዘመን ብረት በቅዝቃዜ እንደ ብርጭቆ የሚሰበር እንደ ነበረ ተረዱ። ብየዳው ያመጣው ነገር ሌላ ነው፤ በችንካር የተያያዘ መርከብ ስንጥቅ ቢጀምረው በላሜራው ጠርዝ ላይ ይቆማል፤ የተበየደ መርከብ ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ብረት ስለሆነ ስንጥቁ የሚያቆመው የለም።

ከዚህ ይልቅ ያስደነገጠኝ ግን የአሌክሳንደር ሼላንድ ታሪክ ነው። ይህ በኖርዌይ በኩል ባለው የሰሜን ባሕር ላይ የሚንሳፈፍ አምስት እግር ያለው የብረት መድረክ ነበረ፤ የነዳጅ ሠራተኞች ያድሩበት ነበር። እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 1980 ምሽት በማዕበል ውስጥ አንዱ ማያያዣ ተበጠሰ፤ ሌሎቹም ተከትለው ተበጠሱ፤ አንድ እግር ተነቅሎ ሄደ፤ መድረኩም በግማሽ ሰዓት ውስጥ ተገለበጠ። ከነበሩት 212 ሰዎች 123ቱ ሞቱ። ምርመራው ያገኘው ምክንያት ምን ነበር? በማያያዣው ላይ አንድ የድምፅ መስሚያ መሣሪያ የሚያዝበት ትንሽ ቱቦ ተበይዶ ነበር። ብየዳው 6 ሚሊሜትር የሚሆን፣ ምንም ሸክም የማይሸከም፣ ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠረው ብየዳ ነበር። ከእርሱ የተነሣው ስንጥቅ ማዕበሉ በመታው ቁጥር ጥቂት ጥቂት እያደገ ማያያዣውን በዙሪያው ቆረጠው። በስንጥቁ ውስጥ ቀለም ተገኝቷል፤ ይህም ስንጥቁ መድረኩ ተሠርቶ ቀለም ሲቀባ ጀምሮ እንደ ነበረ ያሳያል። አጎቴ ይህን ታሪክ ስነግራቸው አያውቁትም ነበር፤ ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ ግን «ለዚህ ነው በትልቁ ብረት ላይ ትንሽ ጆሮ እንኳ ስንበይድ እንድናሞቅ የሚያስገድዱን» አሉኝ።

ስለ በያጁ ሰውነት አጭር ነገር ልበል። አርኩ የሚያወጣው አልትራቫዮሌት ጨረር ዐይንን ያቃጥላል፤ ሕመሙ የሚመጣው ከሰዓታት በኋላ ስለሆነ ሰው ሌሊት አሸዋ ዐይኑ ውስጥ የገባ መስሎት ይነቃል። በመንገድ ዳር በፀሐይ መነጽር የሚበይዱ ወጣቶችን ስታዩ እጅግ እንደሚጎዱ ዕወቁ፤ በያጅ የሚያስፈልገው ፊትንም አንገትንም የሚሸፍን፣ መስተዋቱ ለእንዲህ ያለው ሥራ ቁጥር 10 ወይም 11 የሆነ ጭምብል ነው። ጭሱም ቀላል አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም የብየዳን ጭስ በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተራ መድቦታል። ወተት መጠጣት ጭሱን ያወጣል የሚባለው ወሬ እውነት አይደለም፤ የሚረዳው ጭሱን የሚስብ ማራገቢያና ተገቢ የሆነ የአፍንጫ መሸፈኛ ነው።

በክረምቱ መጨረሻ ስለዚህ ሥራ ለጓደኞቼ ስነግር አንዱ «ቀጥቃጭ ልትሆን ነዋ!» ብሎ ሳቀብኝ። ሳቁ የቆየ ሳቅ ነው። በአገራችን ብረት የሚሠራ ሰው በማረሻው እየታረሰ፣ በጦሩ አገር እየተጠበቀ ይሰደብ ነበር፤ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው ታላቁ የኅዳሴ ግድብ 13 ተርባይኖች አሉ፤ በአንድነት 5150 ሜጋ ዋት ኀይል እንዲሰጡ የተሠሩ ናቸው። ሁላችንም ስለ ኮንክሪቱ እንናገራለን፤ ነገር ግን ውኃው ወደ ተርባይኖቹ የሚወርደው በተበየደ ብረት ውስጥ ነው። ያን መስመር ከሥሩ ጀምሮ ረድፍ በረድፍ የሞላው ሰው ቢሰደብ አይገባኝም።

ወደዚህ ሙያ ለመግባት የሚፈልግ ቢኖር በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 5 የሚሰጥ ትምህርት አለ፤ በየደረጃውም ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ምዘና ማለፍ ያስፈልጋል። ይህ ግን ቀደም ብዬ የጻፍሁትን የላሜራ ፈተና አይተካም፤ ከባድ ሥራ በመጣ ቁጥር ያኛው ለብቻው ይመጣል። አባቴ ምሕንድስና እንድማር ይፈልጋሉ፤ እኔም እወዳለሁ፤ ነገር ግን አስቀድሜ አንድ ዓመት አንጋጦ መበየድን ለመማር ጠይቄያቸው እስካሁን መልስ አልሰጡኝም። ይህን መጽሔት እንደሚያነቡት ስለማውቅ ነው እዚህ ላይ የጻፍሁት።

በመጨረሻ ስለ ትምህርት ቤታችን የውኃ ታንከር አንድ ነገር ልናገር። ከላቦራቶሪው ጀርባ በአራት የብረት እግሮች ላይ የቆመውን ታንከር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መስከረም ላይ ከመሥሪያው ስመለስ ዐይኔ ሌላ ሆኖ ነበርና እግሮቹን ዞሬ ተመለከትሁ። በምሥራቁ እግር ላይ ሰያፉ ማያያዣ በተበየደበት ቦታ፣ ከብየዳው ጠርዝ ጎን ብረቱ በልቶት ጥፍር የሚያስገባ ቦይ አለ፤ ከቦዩም ጫፍ ቀለሙ እንደ ፀጉር ቀጥኖ ተሰንጥቋል። ቀለም ብቻ ይሁን ብረቱም ጭምር በዐይን አይታወቅም። ለፊዚክስ መምህራችን አሳየኋቸው፤ እርሳቸውም ቀለሙን በቢላዋ ፍቀው አዩና ለአስተዳደሩ በጽሑፍ አስታወቁ። ይህ መጽሔት ለማተሚያ ቤት እስከ ተላከበት ቀን ድረስ መርማሪ አልመጣም፤ እስኪመጣ ድረስ ግን ታንከሩ ከግማሽ በላይ እንዳይሞላ ታዟል፤ ከሥሩ የነበረውንም የቮሊቦል መረብ ነቅለን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ጎን አዛውረነዋል።